የአዲስ አበባና የዋሺንግተን የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት



በአዲስ አበባና በዋሺንግተን መካከል ያለው ርቀት፣ በምድር ክብነት ላይ በተሰመረ አጭር መስመር ሲለካ፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ቁጥር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት አይሮፕላን ሲካፈል ውጤቱ ወደ 13 ሰዓት ይጠጋል። ስሌቱ ለመልሱ ጉዞ እውነት ነው፤ ከዋሺንግተን ተነሥቶ በቀጥታ ቦሌ የሚያርፍ አይሮፕላን በእርግጥም 13 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ለመሄጃው ግን አይሠራም። ከቦሌ ወደ ምዕራብ የሚያመራው በረራ ለብዙ ዓመታት በመካከሉ፣ ቀድሞ በሮም በኋላም በደብሊን፣ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ቆይቷል፤ ጉዞውም ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መንገደኛው አይሮፕላኑ የሚያርፈው ገበያ ፍለጋ ነው ብሎ ያማል፤ ሐሜቱም የሚጸናው ባለሙያው ዝም ስለሚል ነው።

ከምክንያቶቹ አንዱ ነፋስ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ በብርዱ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ተመላሹን ከኋላ ይገፋዋል፤ ሄያጁን ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ዋናው ምክንያት ግን የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲገኝ፣ የዋሺንግተኑ የደለስ አይሮፕላን ጣቢያ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቀን የቦሌ አየር በባሕር ወለል ካለው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። በዚህም የተነሣ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት 16 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ይኸውም ከደከመ ሞተር የበለጠ ሩጫ መጠየቅ ማለት ነው። የቦሌ ረጅሙ ማኰብኰቢያ 3,800 ሜትር ሲሆን፣ ከደለሱ ረጅሙ ማኰብኰቢያ በ300 ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ ሆኖም አይበቃም። ማኰብኰቢያው ቢረዝም እንኳ ጎማው ሊያልፈው የማይፈቀድለት የፍጥነት ወሰን አለ። ከዚህም በላይ፣ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ በመነሻው ላይ ቢጠፋ አይሮፕላኑ በቀረው ብቻ መውጣት መቻል አለበት፤ በስተ ሰሜን ደግሞ እንጦጦ ቆሟል። እዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ክብደት ይቀነሳል።

የሚቀነሰው ምኑ ነው? በሰዓት አምስት ቶን ያህል ነዳጅ የሚያቃጥል አይሮፕላን ለ15 ሰዓት በረራ 75 ቶን፣ በዚያም ላይ መጠባበቂያ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ጭኖ ለመነሣት ወንበር ባዶ መተው፣ ሻንጣና ጭነት ማስቀረት ግድ ሊሆን ነው። ደብሊን ከአጭሩ መስመር ብዙም ስለማትርቅ፣ ሰውን ይዞ ነዳጁን በመንገድ መሙላቱ ይሻላል። ሌሊት መነሣትም ጥቂት ይረዳል፤ የቀዘቀዘ አየር ጥቅጥቅ ይላልና።

በቲኬት ላይ የታተመው ሰዓት ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት እንደ ወራቱ 7 ወይም 8 ስለሆነ፣ የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው የሚቀንስ መንገደኛ የ17 ሰዓቱን ጉዞ 9 ብቻ አድርጎ ያገኘዋል። በአገራችን አቆጣጠርና በቲኬቱ መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ሲጨመርበት ግራ መጋባቱ ይብሳል። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ፣ የስኳር በሽታ መድኃኒት በሰዓት የሚወስዱ አረጋዊት እናት በዚህ ስሌት ቢመሩ አደጋው ቀላል አይደለም። ሊነገራቸው የሚገባው በአየርና በማረፊያ የሚያልፈው ጠቅላላ ሰዓት ነው።

በቢሾፍቱ አጠገብ ለታቀደው አዲስ አይሮፕላን ጣቢያ የተመረጠው ስፍራ ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። የሚነሣው ክብደት በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የአትላንቲኩ ነፋስ ግን እንዳለ ነው።