መጀመሪያ እሷን ጠይቁ

ሁዳ ፋህሚ ሚሺጋን፣ አሜሪካ ያደገች ግብፃዊ አሜሪካዊት ሠዓሊ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመችው መጽሐፍ ትዳር ያገኘችበትን መንገድ በካርቱን ሥዕልና በሳቅ አዋዝታ ተርካለች። ብዙዎች ቤተሰብ የገባበትን ጋብቻ ሁሉ ግዳጅ አድርገው ያያሉ። የእሷ ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ ቤተሰብ ያስተዋውቃል፣ ወንዱና ሴቷ ዘመድ ባለበት ይጨዋወታሉ፣ የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው እሷ ናት። በእምነቷ በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃገረድ ፈቃዷ ሳይጠየቅ እንዳትዳር አስተምረዋል።

ሽማግሌ መላክ ለእኛም የቆየና የተከበረ ወግ ነው። ክብሩ የሚሞላው ግን ልጅቷ ወዳ ስትቀበል ነው። እናቶች፣ አባቶች፣ ነገ ሽማግሌ ደጃችሁን ቢያንኳኳ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ልጃችሁን ጠይቁ፤ መልሷንም አክብሩ።