ሕፃን በተቅማጥ በታመመ ጊዜ አሳዳጊው ሊያውቀው ስለሚገባ ነገር



ሕፃን ልጅ ተቅማጥ በያዘው ጊዜ በብዙ ቤት የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። ልጁ የጠጣው ሁሉ ወዲያው ሲወጣ የምታይ እናት ውኃውን ብትከለክለው የሚሻለው ይመስላታል። አያቲቱም በአጠገቧ ተቀምጣ «ሆዱ ይረፍ፤ ምንም አትስጪው» ትላታለች። ይህ የሚደረገው ከፍቅር ማነስ አይደለም፤ ዓይን ካየው ነገር የተነሣ ነው። ዳሩ ግን በዚህ ስፍራ ዓይን ያታልላል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁን የሚገድለው ውኃውና ጨው ከሰውነቱ ወጥቶ ሳይተካ መቅረቱ ነውና።

ስለዚህ አሳዳጊ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የመድረቅን ምልክት ነው። ልጁ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም፤ ምላሱ ይደርቃል፤ ዓይኑ ይሰረጉዳል፤ ሽንቱ ይጎድላል፤ የሆዱ ቆዳ በሁለት ጣት ተይዞ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። የደነዘዘ፤ መጠጣት ያቃተው፤ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፤ ወይም በሰገራው ደም የታየበት ልጅ ግን በቤት አይቆይም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።

ውኃ ከመከልከል የከፋ ልማድም አለ። የተቅማጡ ምክንያት ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ነው ተብሎ የሕፃኑ ድድ ይፈለፈላል፤ ወይም እንጥሉ ይቆረጣል። ደሙ ይፈሳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ አፉም ስለሚታመም ጡት መጥባት ያቅተዋል። ውኃ በሚያስፈልገው ሰዓት የውኃው በር ተዘጋ ማለት ነው።

በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፤ ማለት ኦ.አር.ኤስ፤ ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ ከሆነ ከረጢቱ በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል። በውስጡ ያለው ስኳር ጨውን፤ ጨውም ውኃን ይዞ በአንጀት ግድግዳ ያልፋል፤ ይህም መንገድ በተቅማጥ ጊዜ አይቋረጥም። ከረጢቱ በታጣ ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል። የበዛ ጨው ልጁን ይጎዳዋልና በግምት አይደረግም። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፤ ከዚያ በላይ የሆነውም ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ይጠጣል። ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ታግሦ እንደ ገና ቀስ ብሎ መስጠት ነው። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ጡት አይቋረጥም፤ ምግብ የጀመረውም አጥሚቱንና ሾርባውን አይከለከልም። ጤና ባለሙያ የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን እንደታዘዘው ይፈጸማል።

ይህን ሁሉ መናገር ቀላል ነው፤ እናቲቱ በሌሊት ብቻዋን እንድታደርገው ማብቃት ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህም የባንግላዴሽ ሀገር ሥራ ይመሰከርለታል። በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብራክ የተባለ ማኅበር ሴቶች አስተማሪዎችን ቤት ለቤት ላከ። እናቲቱ ራሷ ጨውን በሦስት ጣት ቆንጥራ፤ ጥቁሩን የአገዳ ስኳር በእጇ ዘግና፤ ውኃውን ለክታ ትበጠብጥ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ ከእናቶቹ አንዳንዶቹን ይጠይቃል፤ የአስተማሪዋም ደመወዝ እናቲቱ ባስታወሰችው መጠን ይከፈላል። (እንዲህ ያለ ደመወዝ ለስንቱ መምህር ይበቃው እንደ ነበረ እግዚአብሔር ያውቃል።) ሆኖም በመጀመሪያ እናቶቹ ትምህርቱን እያወቁ ልጁ ሲታመም የሚያደርጉት ጥቂቶች ሆኑ። ቢመረመር አባቶች ነገሩን አልሰሙም፤ ከአስተማሪዎቹም አንዳንዶቹ ራሳቸው ሲታመሙ ክኒን ይፈልጉ ነበር እንጂ በሚያስተምሩት አያምኑም ነበር። ከዚያ ወዲያ ወንዶች በገበያና በመስጊድ ተሰብስበው ተማሩ፤ አስተማሪዎቹም መጠጡ እንዴት እንደሚሠራ ተረዱ። እስከ 1990 ድረስ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ቤት ተዳረሰ።

በመንደር ትምህርት ቤትም የሚያስተምር መምህር «ገባችሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም «አዎን» ይለዋል። ይልቅስ ማሰሮውንና ማንኪያውን አቅርቦ እናቲቱ በፊቱ ትበጥብጥ። በየቤቱ ያለው ጣሳና ኩባያ መጠኑ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ የሊትር ጠርሙስ ይዞ ሄዶ በእያንዳንዱ ቤት ዕቃ ላይ ሊትሩ የሚደርስበትን ምልክት ያድርግ። አባትየው ይቁም፤ አያቲቱም ትቀመጥ፤ «ምንም አትስጪው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከእርሷ አፍ ነውና።