ከቀለም ወደ ቫይታሚን፦ ከመደብ እስከ ድስት



ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ስታመርቱ የምታሰሉት ኪሎውንና ዋጋውን ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ሚዛን ላይ ስለማይታየው ነገር፣ ስለ ቀለሙ ነው። የልጆቻችን ዓይን ከዚህ ቀለም ጋር የተያያዘ ነውና።

ቀለሙ ምንድን ነው?

ካሮትንና ዱባን ብርቱካንማ የሚያደርጋቸው ቤታ ካሮቲን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1831 ዋከንሮደር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከካሮት ለይቶ አወጣው፤ ስሙም ከካሮት የመጣ ነው። በጎመንና በቆስጣም ውስጥ አለ፤ አረንጓዴው ቀለም ስለሚሸፍነው ግን አይታየንም። ቅጠሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከመጠን ያለፈ የፀሐይ ብርሃን ተክሉን እንዳይጎዳው መከላከል ነው።

ቤታ ካሮቲን 40 የካርበን አቶሞች ያሉት ረጅም ሰንሰለት ነው። ገና ቫይታሚን አይደለም። ትንሹ አንጀታችን ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሰንሰለቱን መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። እያንዳንዱ ግማሽ 20 ካርበን ይዞ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል፤ ትርፉ ጉበት ውስጥ ይቀመጣል። ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን የሚያየው በዚህ ቫይታሚን ነው። ሲያንስ ዳፍንት ይመጣል፤ ልጁ ሲመሽ ይደናበራል። ሲብስ ለዕውርነት ይዳርጋል፤ ኩፍኝና ተቅማጥም ይበረቱበታል።

ለምን ለእኛ ይበልጥ ያስፈልጋል?

ቫይታሚን ኤ ተዘጋጅቶ የሚገኘው በጉበት፣ በእንቁላል፣ በወተትና በቅቤ ነው። በጾም ወራት እነዚህ ከገበታ ሲወጡ ከምግብ የሚቀረን መንገድ ይህ ቀለም ነው። ሕፃናት የመጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም፣ ድስቱ የጾም ከሆነ የሚበሉት ያንኑ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሕፃናት የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ አስወስዱ፤ ጓሮው ግን በየቀኑ መስጠት ይችላል።

ኪሳራው የት ነው?

በሒሳብ ከአንዱ ቀለም ሁለት ቫይታሚን ይወጣል። በተግባር ግን ከምግብ የሚገኝ 12 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን 1 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ እንደሚሰጥ ተደርጎ ይሰላል። ምክንያቱም ቀለሙ በተክሉ ሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ታሽጓል፤ የሚሟሟውም በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድትተገብሩ ይመከራል።

1. ስትመርጡ፦ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅጠልና ደማቅ ብርቱካንማ ካሮት ምረጡ። የጥቅል ጎመን ነጩ ውስጡ ይህ ቀለም እምብዛም የለውም። ቅላት ሁሉ ቫይታሚን ኤ አይሆንም፤ የቀይ ሥር ቀለም ሌላ ነው፣ የቲማቲም ቅላትም በአብዛኛው ወደዚህ ቫይታሚን አይለወጥም። ኩልፎና ቱላ የተባሉት ብርቱካንማ የስኳር ድንች ዝርያዎች ከነጩ እጅግ ይበልጣሉ፤ ሆኖም ሞቃት አካባቢ ስለሚስማማቸው ለኮልፌ ብርድ ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ይሻላሉ።

2. ስትሰበስቡ፦ ጠዋት ቁረጡ፤ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ቀለሙን ብርሃንና አየር ያበላሹታል። ቅጠል ማድረቅ ካስፈለገ በጥላ ይሁን።

3. ስታበስሉ፦ ድስቱን ከድናችሁ እስኪለሰልስ ብቻ አብስሉ፤ ሙቀቱ የሕዋሱን ግድግዳ ይከፍታል። ለረጅም ጊዜ ማንተክተክ ግን ቀለሙን ይቀንሳል። ዘይት ጨምሩበት፤ ያለ ዘይት የተበላ ካሮት አብዛኛው ቀለም ሳይጠቅም ያልፋል።

4. ለሕፃናት፦ ከ6 ወር ጀምሮ የበሰለ ካሮት፣ ዱባ ወይም ጎመን በደንብ አድቅቃችሁ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ከገንፎው ጋር ስጡ።

በመጨረሻም አንድ አደራ። ብዙ ጊዜ ለምለሙ ለገበያ ይወጣል፣ የጠወለገው ለቤት ይቀራል። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ምርቱ ለገበያ ከመታሰሩ በፊት አንድ እስር ጎመንና ጥቂት ካሮት ለቤት ለዩ። ሞዴል የተባላችሁት ጎረቤት እናንተን አይቶ ስለሚሠራ ነው፤ መደባችሁን እንደሚያይ ሁሉ ድስታችሁንም ይይ።