በአዋሽ ዳር ስለሚዳቀሉ ዝንጀሮዎች

ዝንጀሮን ለገበሬ ማስተዋወቅ ያስቃል። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ያልጮኸ ከመካከላችን ማን አለ? ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ሌብነቱ ሳይሆን ስለ ዘሩ ነው።

ባዝራ በአህያ ስትጠቃ በቅሎ ትወልዳለች። በቅሎ ብርቱ ናት፤ ነገር ግን መካን ናት። ለምን? በእንስሳ ሁሉ ገላ ውስጥ ዘርን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፉ፣ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ክሮሞሶም ይባላሉ። የፈረስ 64፣ የአህያ 62 ነው። በቅሎዋ ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን ወስዳ 63 ይኖራታል። እነዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነው በደንብ አይገጣጠሙም፤ ስለዚህ አትወልድም።

ሁሉም ክልስ ግን እንደ በቅሎ አይደለም። ማስረጃው እዚሁ አገራችን፣ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ከፏፏቴው በላይ አኑቢስ የሚባለው ዝንጀሮ ይኖራል። ጠጉሩ የወይራ ቅጠል ይመስላል፤ ፊቱ ጥቁር ነው። ቁልቁል ወደ በረሃው ደግሞ ሐማድራያስ አለ። የዚህ ወንዱ አመድማ ጎፈሩ እንደ ካባ ይወርድለታል፤ ፊቱና መቀመጫው ቀላ ያለ ነው።

ጠባያቸውም ለየቅል ነው። የአኑቢስ ሴት በመንጋው ውስጥ እንደ ልቧ ትሄዳለች። የሐማድራያስ ወንድ ግን ሴቶቹን ሰብስቦ ይጠብቃል፤ አንዷ ወደ ኋላ ብትቀር አንገቷን ይነክሳታል። ሐንስ ኩመር የተባሉ የስዊስ ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአኑቢስ ሴቶችን ይዘው ከሐማድራያስ መንጋ ቢጨምሯቸው፣ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ወንዱን መከተል ተማሩ። መቼም ንክሻ ፈጣን አስተማሪ ነው!

ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ይዳቀላሉ። የሁለቱም ክሮሞሶም 42 ስለሆነ ክልሶቹ ይወልዳሉ፤ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። በመልክ መካከለኛ ናቸው። ወንዱ ክልስ ሴቶችን ሊሰበስብ ይሞክራል፤ ብዙ ጊዜ ግን እንደ ሐማድራያሱ አይሆንለትም። ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዝንጀሮዎቹን እየያዙ፣ ደም እየቀዱ፣ መልሰው እየለቀቁ ይህን አጥንተዋል።

እንዲህ ያለው መዳቀል የዛሬ ነገር አይደለም። በዛምቢያና በአንጎላ የሚኖር ኪንዳ የሚባል ዝንጀሮ አለ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነ የዘር ምርመራ እንዳሳየው፣ ኪንዳ የተገኘው ሁለት የጥንት የዝንጀሮ ዘሮች ተቀላቅለው ነው። ዛሬ ራሱን የቻለ ዓይነት ሆኗል። ከዝንጀሮዎች ሁሉ በአካሉ ያንሳል፤ ከግልገሎቹም መካከል ነጭ ጠጉር ይዘው የሚወለዱ አሉ።