ጫትና ጉበት፦ በአፎቻችን ስብሰባ ላይ የተነገረ



ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሞተ ጎረቤት ስንቀብር «የወፍ በሽታ ነው» ብለን እንመለሳለን። ምን አመጣው ብለን ግን አንጠይቅም።

በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. በሐረር ሁለት የመንግሥት ሆስፒታሎች ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸው 150 ሰዎች፣ ጉበታቸው ካልታመመ 300 ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። በወንዶቹ ዘንድ ሕመሙ ከጫት ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ መቃሙ በበዛና በቆየ ቁጥር አደጋውም ጨመረ።

የቃመ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። እኛም በርጫ የምንቀመጥ ነን፤ ለመውቀስ አልተነሣንም። የሚቅም ይቀንስ፣ ከቻለም ይተው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ቶሎ ይታከም፤ ለሐኪሙም መቃሙን አይደብቅ።

አፎቻ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ሳለንም እንጠያየቅ።