ዎርዚንግ ላይ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ እንዴት ተላለፈ?

(በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከተደረገ ንግግር)



የተጋበዝኩት ስለ እንግሊዝ የካውንስል ምርጫ እንድናገር ነው። አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ "ቆሻሻ ስለሚያነሳ ካውንስል ደግሞ ምን ወሬ አለ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔን ግን ከፓርላማው ወሬ ይልቅ የሚጥመኝ ይኼኛው ነው። ለምን? ዎርዚንግ በምትባል አንዲት ከተማ ላስረዳችሁ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ዎርዚንግ በደቡብ እንግሊዝ፣ ከብራይተን በስተምዕራብ፣ ባሕር ዳር የተቀመጠች ከ110 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ጡረተኛው የባሕር አየር እየሳበ ዕድሜውን የሚገፋባት ተብላ ነው ስትታማ የኖረችው። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1894 እዚያ ሆኖ ቲያትር ጻፈና ለባለታሪኩ የከተማዋን ስም ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ብዙም ዜና አልሠራችም ብል ዎርዚንጎች የሚቀየሙኝ አይመስለኝም።

በዚህች ከተማ ካውንስል ሥልጣኑን ሲቀባበሉ የኖሩት ወግ አጥባቂዎቹና ሊበራል ዲሞክራቶቹ ነበሩ። ሌበር የሚባለው የሠራተኛው ፓርቲ እዚያ ደጅ ጠኚ ነበር። በኦገስት 2017 ማሪን በተባለችው ክልል አንድ ወንበር ተጓደለና የማሟያ ምርጫ ተደረገ። የሌበሯ ዕጩ ቤኪ ኩፐር፣ በሙያቸው የሕብረተሰብ ጤና ሐኪም፣ አሸነፉ። ፓርቲው ዎርዚንግ ላይ አንድ ተመራጭ ሲያገኝ በ41 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። አስቡት እስቲ! አርባ አንድ ዓመት ሙሉ መሸነፍ። የእኛ ሰው ቢሆን ሁለቴ ከተሸነፈ ወይ ፓርቲውን ያፈርሰዋል፣ ወይ ለሁለት ይከፍለዋል።

አንድ ወንበር ከ37 ምን ይሠራል? ድምፅ ሲቆጠር ምንም አይሠራም። ነገር ግን የዎርዚንግ ምርጫ ወንበሩ ሁሉ በአንድ ቀን የሚጠራረግበት አልነበረም። ከአራቱ ዓመት በሦስቱ፣ በየተራ፣ ሲሶ ሲሶው ነበር ለምርጫ የሚቀርበው። ገዢው ፓርቲ ፈተናውን አለፍኩ ብሎ አራት ዓመት አይተኛም ማለት ነው። የ2018ቱ ምርጫ መጣ፣ የ2019ኙም ተከተለ። የ2020ው በኮሮና ምክንያት ወደ 2021 ተላለፈ። በየዙሩ ሌበር ወንበር ሲጨምር ሌላው ሲቀንስ ቆየና፣ ሜይ 5 ቀን 2022 የተሰጠው ድምፅ ሲቆጠር ካውንስሉ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌበር እጅ ገባ። ኩፐርም መሪ ሆኑ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን የገዛ መንግሥታቸውን የኮሮና ሕግ ጥሰው የተቀጡት በዚያው ዓመት ኤፕሪል ነበር። ኑሮውም እሳት ሆኗል። በብራይተን የቤት ዋጋ የተማረረው ወጣት ባለትዳርም ልጆቹን ይዞ ወደ ዎርዚንግ ጓዙን ሲያግዝ ከርሟል። ሆኖም በየደጁ እየዞረ በር የሚያንኳኳ ሰው ባይኖር ይኼ ሁሉ ብሶት ከቡና ወሬ ባላለፈ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዎርዚንግ ከጎረቤቷ ከአዱር ጋር የጋራ ሠራተኞች ነበሯት። አዱርን እስከ 2024 ያስተዳድሩ የነበሩት ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ያው አንዱ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ጧት ለወግ አጥባቂ አለቃ፣ ከሰዓት ለሌበር አለቃ ወረቀት ያዘጋጃል። "አንተ የማን ነህ?" ብሎ የሚያፋጥጠው የለም። እንዲያውም ከ1989ኙ ሕግ ወዲህ ከፍተኛ ኃላፊ የሆነ ሠራተኛ ካውንስለር ሆኖ መመረጥም፣ ለፓርቲ መቀስቀስም ክልክል ነው። የፓርቲ ደብተር ለእንጀራ መቁረጫ በሆነበት አገር ላደግን ለእኛ ይኼ ተረት ይመስላል። ተሸናፊዎቹም አገር ጥለው አልሄዱም፤ እዚያው አዳራሽ ተቃዋሚ ሆነው ተቀመጡ።

ኩፐር በጁላይ 2024 ለፓርላማ ተወዳድረው ከ1975 ጀምሮ የፓርላማ አባል የነበሩትን ሰር ፒተር ቦተምሊን አሸነፏቸው። መነሻው ያቺው የማሪን ወንበር ናት።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። መጠለያ ያጣ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? የካውንስሉን አይደለም እንዴ? በእንዲህ ዓይነቱ ምርጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመራጩ የሚወጣው ሲሶው ገደማ ነው። የቀረው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያማል፤ የእኛም ሰው ከዚያው ውስጥ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የእኛ ነው አልልም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው እንግሊዝ አገር ሃያ ዓመት ቢኖርም፣ ታክስ ቢከፍልም አይመርጥም። በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖረው ኬንያዊ ጎረቤቱ ግን አገሩ የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች ይመርጣል። ይኼ ሲነሳ ብናገርበት የሚያስከፋ ነገር የለውም።

ዜግነቱን ያገኛችሁት ግን ምን ምክንያት አላችሁ? ከ2023 ወዲህ ምርጫ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ፎቶ ያለበት መታወቂያ ማሳየት አለበት። ፓስፖርትም መንጃ ፈቃድም ይሆናል። ሁለቱም ለሌለው የመራጭነት ማስረጃ በነፃ ይሰጣል። ምዝገባው የሚዘጋው ከምርጫው 12 የሥራ ቀናት በፊት ነው። ያልተመዘገባችሁ ካላችሁ ቅጹን አብረን እንሞላለን፤ ከንግግሩ በኋላ እዚሁ አለሁ።