ክፍያው ሲዘገይ እኛ አንቁም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ሥራ ሲቆም ስለሚገኘው ክፍያ፣ ብዙዎቻችን «አንኢምፕሎይመንት» ብለን ስለምንጠራው ነው። የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የምነግራችሁ የደመወዝ መዝገብ ስሠራ ያየሁትንና ከአባሎቻችን ጋር ቁጭ ብዬ ቅጽ ስንሞላ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ። ይህ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም። «የመንግሥት እጅ አላይም» ብለው ሳያመለክቱ የቀሩ እህቶች አሉን። ክፍያው ግን ኢንሹራንስ ነው። አብዛኛው አሠሪ በእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ የመጀመሪያ 7,000 ዶላር ላይ ለፌዴራል መንግሥት ግብር ይከፍላል፤ በተለምዶ 0.6 በመቶ፣ ማለትም በሰው 42 ዶላር ነው። ለግዛቱ ደግሞ ለብቻው ይከፍላል። እዚህ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከእኛ ቼክ ለዚህ ተብሎ የሚቆረጥ የለም፤ ግን የሚከፈለው በእኛ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነው። አሠራሩ የመጣው በ1935 በወጣው የሶሻል ሴኪዩሪቲ ሕግ ነው።

አገር ቤት የምናውቀው አሠሪው ራሱ አንድ ጊዜ የሚሰጠውን የስንብት ክፍያ ነው። እዚህ ክፍያው በየሳምንቱ ነው፤ ካልጠየቁት ደግሞ አይመጣም። ያለ ጥፋት ሥራ ያጣች፣ የሥራ ፈቃድ ያላትና በመዝገብ በቂ ደመወዝ ያገኘች ሴት ማመልከት መብቷ ነው።

ሁለተኛ፣ የት እናመልክት? እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። የሚታየው የምንኖርበት ሳይሆን የሠራንበት ቦታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረች ዲሲ ሆቴል ውስጥ የሠራች እህት የምታመለክተው ለዲሲ ነው። አሌክሳንድሪያ እየኖረች ሜሪላንድ የሠራችም ለሜሪላንድ ነው። በሁለት ቦታ የሠራች ደግሞ ደመወዟ አንድ ላይ እንዲቆጠርላት መጠየቅ ትችላለች።

የሚቆጠረው ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ ካለፉት አምስት የተጠናቀቁ ሩብ ዓመቶች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ነው። ለምሳሌ በኦገስት ያመለከተች ሰው የሚታይላት ካለፈው ዓመት ኤፕሪል እስከ ዘንድሮ ማርች ያገኘችው ነው። በጥሬ ገንዘብ ተከፍሎ መዝገብ ውስጥ ያልገባ ሥራ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። በ1099 የሚሠሩም በመደበኛው ፕሮግራም አይሸፈኑም፤ በኮቪድ ጊዜ ለእነሱ የተከፈተው ልዩ ፕሮግራም በሴፕቴምበር 2021 አብቅቷል። ሥራው በቆመበት ሳምንት ማመልከት ያስፈልጋል፤ ጊዜው የሚቆጠረው ካመለከታችሁበት ሳምንት ነውና።

ሦስተኛ፣ ክፍያው ለምን ይዘገያል? አንዱ ምክንያት የእኛ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን ስም መጨረሻ ያደርገዋል፣ ሌላው የአያትን። የእንግሊዝኛው አጻጻፍም ከሰነድ ሰነድ ይለያያል። ኮምፒውተሩ እንደ ሁለት ሰው ያይና «ማንነትሽን አረጋግጪ» ብሎ ፋይሉን ያቆመዋል። ስለዚህ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዱ፣ የሥራ ፈቃዱና ደብሊው-2 ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን ሥራ ላይ እያላችሁ ተመልከቱ። ልዩነት ካለ አሁኑኑ ይስተካከል።

ሌላው ምክንያት የአሠሪው መልስ ነው። እናንተ «ሥራ ቀንሶ አሰናበተኝ» ትላላችሁ፤ እሱ «በራሷ ፈቃድ ለቃለች» ይላል። የቀድሞ ሠራተኞቹ ክፍያ በወሰዱ ቁጥር የግዛት ግብሩ ከፍ ሊል ስለሚችል የሚከራከር አሠሪ አይጠፋም። በዚህ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁለቱንም ወገን ይጠይቃል። ስልክ የሚደወልበት ቀንና ሰዓት ከተነገራችሁ ከስልኩ አትራቁ። የስንብት ደብዳቤውን፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀትና ከኃላፊው የተላከውን የስልክ መልእክት በአንድ ፎልደር አስቀምጡ።

በእንግሊዝኛ ከከበዳችሁ ነፃ አስተርጓሚ ጠይቁ። በዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የ12 ዓመት ልጃችሁን በእንዲህ ያለ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ቃሉም ይከብደዋል፣ ጭንቀቱም ያድርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካመለከትን በኋላ በየሳምንቱ «በዚህ ሳምንት መሥራት እችል ነበር፣ ሥራ ፈልጌያለሁ፣ ይህን ያህል ሠርቻለሁ ወይም አልሠራሁም» ብለን ማረጋገጥ አለብን። ገንዘብ መጣም አልመጣም ይህ አይቋረጥም። ይግባኝ ላይ ብንሆንም አይቋረጥም።

በ2020 ኮቪድ ሆቴሉንና ምግብ ቤቱን ሲዘጋ እኔም ወደ ቤት ከተላኩት አንዷ ነበርኩ። የመጀመሪያው ክፍያ እጄ የገባው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። በየእሑዱ ሞልቼ ስለነበር የዘጠኙም ሳምንት ገንዘብ በአንድ ጊዜ መጣ። በዚያው ወር ያመለከተች አንዲት አባላችን ግን አራት ሳምንት ጠብቃ «ዝም አሉኝ፣ ተውኩት» አለች። በኋላ ይገባታል ተብሎ ተወሰነላት፤ የተከፈላት ግን የሞላቻቸው አራት ሳምንታት ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ያላት ሴት ናት። የቀሩትን ሳምንታት ለማስከፈት ወራት ፈጀባት።

ዝምታ እምቢታ አይደለም። የፌዴራል ሕግ ክፍያው በጊዜው እንዲፈጸም ያዛል፤ መለኪያውም ከመጀመሪያ ክፍያዎች 87 በመቶው፣ እንደ ግዛቱ አሠራር፣ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ እንዲደርስ ነው። ከዚያ ካለፈ ደውሉ፤ የደወላችሁበትን ቀን፣ ሰዓትና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ካልተሳካ ለምክር ቤት ተመራጫችሁ ቢሮ አሳውቁ፤ ይህን ጉዳይ መከታተል ሥራቸው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1971 ይገባታል ተብሎ የተወሰነላት ሠራተኛ አሠሪው ይግባኝ ስላለ ብቻ ክፍያዋ እንዳይታገድ ወስኗል። እናንተም «አይገባሽም» የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ ይግባኝ በሉ። ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ነውና ፖስታውን ሳትከፍቱ አታሳድሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሥራ ከቆመ አይቀር ብሎ አዲስ አበባ ሄዶ ቤተሰብ መጠየቅ ያለ ነው። ነገር ግን እዚያ ሆናችሁ «ለሥራ ዝግጁ ነኝ» ብላችሁ ብትሞሉ የተከፈለው እንዲመለስ ይጠየቃል፤ ከቅጣት ጋርም ሊሆን ይችላል። የሁለት ቀን ሥራ ብታገኙም አስመዝግቡ፤ የሚመዘገበው ገንዘቡን በተቀበላችሁበት ሳይሆን በሠራችሁበት ሳምንት፣ ግብር ሳይቆረጥ ነው።

እስከዚያ ቤቱ እንዴት ይቁም? ወረቀት ወስዳችሁ በቅደም ተከተል ጻፉ፦ ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራት፣ ስልክ። ስልክን ያስገባሁት ከተቋረጠ መሥሪያ ቤቱ ስለማያገኛችሁ ነው። ለአከራዩ የኪራዩ ቀን ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ አሳውቁ፤ ማመልከቻችሁን አሳዩ። ለእቁብ ዳኛውም እንዲሁ፤ ቀድማ የተናገረች ዕጣዋ ሊሸጋገርላት ይችላል፣ ሳትናገር የቀረች ግን ስሟ ይጠፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። 211 ብትደውሉ የምግብና የኪራይ እርዳታ የት እንዳለ ይነግሯችኋል። ከክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት የመጨረሻው መጨረሻ ይሁን።

ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ ግብሩን አትርሱ። በጃንዋሪ 1099-ጂ የሚባል ወረቀት ይመጣል፤ ክፍያው ለፌዴራል ገቢ ግብር ይቆጠራል። በ2020 እስከ 10,200 ዶላር ድረስ ነፃ የተደረገው ለዚያ ዓመት ብቻ ነበር። 10 በመቶው በየሳምንቱ እንዲቆረጥ ከጠየቃችሁ ኤፕሪል ላይ አትደነግጡም።

በመጨረሻ ለማኅበራችንና ለደጋፊዎቻችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እሑድ ከሰዓት ለሁለት ሰዓት አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ያለበት ጠረጴዛ ይኑረን፤ ሥራ ያጣች እህት ብቻዋን ቅጽ አትሙላ። እኔ በወር ሁለት እሑድ እቀመጣለሁ። ሁለተኛ፣ ክፍያ ለዘገየባት አባል እስከ 600 ዶላር ያለ ወለድ የምናበድርበት ትንሽ ፈንድ እንክፈት። የዘገየው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ተጠራቅሞ ስለሚመጣ ብድሩ ይመለሳል፤ ለሌላዋም ይደርሳል። ደጋፊዎቻችን የምትሰጡን አንድ ብር አንድ ጊዜ ብቻ አይሠራም ማለት ነው። መዝገቡን በየሦስት ወሩ ለሁላችሁም ለማቅረብ ቃል እገባለሁ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ ፎልደራችሁን ይዛችሁ ኑ።